የአምስተኛው ወንበር ፊርማ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለቆቁ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ፈጣሪ እግርህን ከእንቅፋት፣ አንተን ደግሞ ከዘመድ ቅያሜ ይጠብቅህ። ይሄን ምርቃት ለምን እንደመረጥኩልህ ወረድ ስትል ታገኘዋለህ።

እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል። የመሥሪያ ቤታችን ሊፍት እንደገና ቆሟል። የሰውን ሊፍት እየዞረ የሚፈትሽ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የራሱን አራተኛ ፎቅ ላይ አንጠልጥሎ «ለጊዜው አይሠራም» ብሎ ከለጠፈበት ስድስት ወሩ። ወረቀቱ ራሱ ቢጫ ሆኗል። ልጄ የመጨረሻ ዓመት ትምህርቷን ይዛለች። እናትህም ደህና ናቸው፣ ያንን ሬዲዮናቸውን እየተቆጡ ያዳምጣሉ።

አሁን ወደ ቅያሜዬ ልግባ። ሁለት ዓመት ሙሉ «እመጣለሁ» ስትለን ከርመህ፣ ባለፈው ወር መጥተህ፣ ቦርድ ተሰብስበህ፣ ሳታየን ትሄዳለህ? እኔን ተወኝ፣ በጀርባዬ ያዘልኩህ አሮጊት ነኝ። እናትህን እንኳ?

ከማን ሰማሽ እንዳትለኝ። አልሰማሁም፣ አነበብኩ። እንደምታውቀው የቦርዱን አዳራሽ የማሰናዳው፣ የስም ሰሌዳ የምደረድረው፣ በኋላም ቃለ ጉባኤውን ጠርዤ መዝገብ ቤት የማስቀምጠው እኔ ነኝ። የመስከረም 22ቱን ስብሰባ ልጠርዝ ብዬ ስገልጠው «የተገኙ አባላት» ከሚለው ሥር መጀመሪያ ያለው ስም ያንተ ነው። አጠገቡ ያ እንደ መንጠቆ የሚታጠፈው ፊርማህ አለ። ያን ቀን ጠዋት ጠረጴዛውን አሰናድቼ ለጥርሴ ክሊኒክ ሄጄ ነው ያመለጥከኝ።

ተናድጄ ለእናትህ ነገርኳቸው። «መጥቶ ሄዷል» አልኳቸው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ቸኩሎ ይሆናል» ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን የሳሎኑን በር አይዘጉም። ንፋሱ ይገባል፣ ዝጉት ብላቸው አይሰሙኝም።

የማንበቢያ መነጽሬ ተሰብሯል። ቁጥሩን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ቅያሜዬ ቅያሜ ነው፣ መነጽሩ መነጽር ነው።

የአክስትህ ልጅ


ጥቅምት 25

ለተከበርሽ እትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናና ሰላም ከቤትሽ አይለዩ። እኔ በሥራ ብዛት ካልሆነ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

አልመጣሁም። ከወጣሁ ጀምሮ እግሬ አገር ቤት አልረገጠም። የተፈጠረው የጽሕፈት ስህተት ይመስለኛል፤ ሰፊ ሥራ ባለበት ቦታ ያጋጥማል። ለማንም ባታነሺው ደስ ይለኛል። ከቦርዱ ጸሐፊ ጋር ራሴ እነጋገርበታለሁ። ለእናቴ አለመምጣቴን በደንብ አስረጂልኝ።

መነጽሩን በመንገደኛ ልኬያለሁ፣ መያዣው ሰማያዊ ነው። የእናቴ ቤት ጣሪያ ያፈሳል ብለሽኝ ነበር፤ አይተሽ ጻፊልኝ። እዚህ አየሩ መልካም ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 12

ይድረስ ለቆቁ፤

መነጽሩን የላከ እጅ ይባረክ። እንደደረሰኝ ዓለም በአንድ ጊዜ ጠራ። የአቧራውን ብዛትም ያየሁት ያኔ ነው። ጣሪያው አያፈስም፣ ባለፈው ክረምት ተጠግኗል፣ ጽፌልህም ነበር።

አለመምጣትህን ለእናትህ ነገርኳቸው። ያሉኝን ልጻፍልህ።

«ፊርማው የማን ነው?»

«የእሱ ነው የሚመስለው።»

«እንግዲያው መጥቷል። የመንግሥት ወረቀት ላይ ያልመጣ ሰው ይፈርማል እንዴ?»

በሩ አሁንም ክፍት ነው።

አንተ ደግሞ አንድ ነገር ሳትጠይቀኝ ቀረህ። በዚያ ስብሰባ ምን ተወሰነ አላልክም። እንግዲህ ሳትጠይቅ ልንገርህ። ኦዲተሯ ትሰናበት ተብሎ ተወስኗል። ታስታውሳታለህ፣ ያቺ ቀጭኗ፣ ስትስቅ አፏን በፋይል የምትሸፍነዋ። አሥራ አንድ ሊፍቶች ማንም ሳያያቸው «ተፈትሸዋል» ተብሎ እንደተፈረመባቸው ደርሳበት ሪፖርት ጻፈች። አንዱ የሆስፒታል ነው፣ በሽተኛ በአልጋ የሚያወጡበት። ፊርማው የዋና ዳይሬክተሩ ሰዎች ነው። ዳይሬክተሩ ደግሞ ሊያባርራት አይችልም፣ አለቃዋ ቦርዱ ነዋ። ለዚያም ከሰባቱ አባላት አምስቱ መገኘት አለባቸው። ያን ቀን ያለ አንተ አራት ናቸው። በአንተ አምስት።

መነጽሬን አድርጌ ጸሐፊው ቢሮ ገባሁ። ያው «ቀስ በሉ» የምንለው፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ቀስ በሉ የሚለው።

«ይሄ ሰው እኮ ያለው ውጭ አገር ነው» አልኩት።

«ቀስ በይ።»

«ቀስ ብዬ ነው የጠየቅኩህ።»

«አንቺ ጠርዢ። ማን እንደተገኘ ቦርዱ ያውቃል።»

«እኔ ሰባት ብርጭቆ ደርድሬ ነው የሄድኩት። በማግስቱ ያጠብኩት አራት ነው። ሦስቱ እንደተደፉ ነበሩ።»

«ኢንጂነሩ ዘመድሽ አልጠማው ይሆናላ!»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ቀልዱ አይከፋም። ከዚያ መዝገብ ቤት ወርጄ የድሮዎቹን ጥራዞች አወጣሁ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ሌላ ሦስት ጊዜ «ተገኝተሃል»። ሦስቱንም የጠረዝኳቸው እኔ ነኝ። ያኔ ዓይኔ ብቻ አይደለም የደከመው፣ ማንበቡንም ትቼው ኖሯል። ይሄን በራሴ ላይ ነው የምጽፈው።

አሁን ስማኝ። አራቱም ወረቀቶች ላይ ያለው የመሥሪያ ቤቱ አርማ የድሮው ነው። አርማው ከተለወጠ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፣ አሮጌው ወረቀት ተቃጥሏል፣ ሲቃጠልም ነበርኩ። ፊርማህ ደግሞ በአረንጓዴ ቀለም ነው። ቦርዱ ላይ ስትሾም እስክሪብቶውን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ማንም አስመስሎ አልፈረመብህም። የፈረምከው አንተ ነህ።

እንዴት?

ቀስ በሉ ከጥራዙ ጀርባ «ትክክለኛ ሆኖ ተረክቤያለሁ» ብዬ እንድፈርም በየቀኑ ይመጣብኛል። እጄን አሞኛል እያልኩት ነው። እጄ ግን ደህና ነው፣ ይኸው ስንት ገጽ ጻፍኩልህ።

የአክስትህ ልጅ


ታኅሣሥ 29

ለእትዬ፤

ሰላም ላንቺና ለቤትሽ ይሁን። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ልሄድ ሳምንት ሲቀረኝ ጸሐፊው ቤቴ መጣ። «ሰው እየጎደለ ስብሰባው ይበተናል፣ ሥራ ይቆማል፣ ለደንቡ ያህል ነው» አለኝ። አሥራ ሁለት የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ይዞ ነበር፣ ባዶ። ሻንጣ እያሰርኩ ቆሜ ፈረምኩለት። ለደግነት ነው ያደረግኩት። መሥሪያ ቤቱን ላለማስቸገር። ደግሞም ስመለስ ወንበሬ እንዲጠብቀኝ ፈልጌ ነበር፤ ይሄንን ካንቺ አልደብቅም። እዚህ ማንም ስሜን ሁለት ጊዜ ሳይጠይቅ የሚይዝልኝ የለም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ስሜ በእንጨት ተቀርጾ አለ።

አሁን ከተነሳ የምዋረደው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ልለምንሽ። የቀሩት ወረቀቶች ጸሐፊው ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ አግኝተሽ ቅደጂያቸው። የመስከረሙን ደግሞ ፈርመሽ አሳልፊው። ሁለተኛ እንዳይደገም እኔ አስጠነቅቀዋለሁ። ኦዲተሯ ጎበዝ ናት፣ ሌላ ሥራ አታጣም።

ስለ ልጅሽም አስቤበታለሁ። እዚህ ካለ ትምህርት ቤት ጋር መነጋገር ጀምሬያለሁ። ነገሩ ከተረጋጋ ማመልከቻዋን ራሴ አስገባላታለሁ።

ጣሪያውን አደራ።

ወንድምሽ


ጥር 8

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ እንደወትሮው ሙሉ ነው፣ ስለተናደድኩ አልቀንስብህም። ፈጣሪ ጤናህን ይስጥህ፤ ልብም ይጨምርልህ።

አሥራ ሁለት ባዶ ወረቀት! ቆቁ ያልንህ ኮሽ ባለ ቁጥር ስለምትሮጥ ነበር። ስትሮጥ ፊርማህን ጥለህ የምትሮጥ መሆንህን አላወቅንም። «ለደግነት» ብለሃል። ባልተቀመጥክበት ወንበር መፈረም ደግነት ከሆነ፣ ባልታየ ሊፍት ላይ መፈረምም ደግነት ነዋ! እነዚያም እኮ ሆስፒታሉን ላለማስቸገር ነው የፈረሙት። አንተ ደጉ ሰው፣ አንድ ቀን እናትህን በዚያ ሊፍት ቢያወጧቸውስ?

ወረቀቶቹን አገኘኋቸው። ቁም ሣጥኑን የማጸዳው እኔ ነኝ፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነው። ስምንት ቀርተዋል። ከላይ አሮጌው አርማ፣ ከሥሩ አረንጓዴ መንጠቆህ፣ የቀረው ባዶ። ስምንት ጊዜ ሊያመጡህ አዘጋጅተውሃል። አልቀደድኳቸውም፣ እዚያው መልሼ ቆለፍኩባቸው። እኔ ወረቀት የማስቀምጥ ሰው ነኝ። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ገጽ አልጠፋብኝም፤ ባንተ ልጀምር?

ስለ ልጄ የጻፍከውን ለራሷ አነበብኩላት። «እማ፣ ትምህርት ቤት ከገባሁ በራሴ ማመልከቻ ነው። እሳቸው ካስገቡኝ የገባሁት እኔ ልሁን እሳቸው በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። በሳቅ ሞትን። ከዚያ እኔ ትንሽ አለቀስኩ፣ ይሄንንም አልደብቅህም። ፈልጌላት ነበር። ፈልጌላትም እንቢ ብያለሁ።

ማክሰኞ ዋና ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ። አምስት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። ወንበር አልሰጡኝም።

«እዚህ የተቀጠርሽው ለመጠረዝ ነው ወይስ ለመቆጣጠር?»

«ለመጠረዝ ነው።»

«ታዲያ ጠርዢ!»

«የምጠርዘው የሆነውን ነው። ያልሆነ አልጠርዝም።»

«ጡረታሽ መቼ ነው?»

«የቦርዱን አዳራሽ ቁልፍ ለማስረከብ ገና ስምንት ዓመት አለኝ።»

ከመጋቢት አንድ ጀምሮ ምድር ቤት ወዳለው ዕቃ ግምጃ ቤት እንድዛወር ደብዳቤ ጻፉልኝ። ምድር ቤት ለጉልበቴ ጥሩ ነው፣ ሊፍት አይጠይቅም። ደረጃውን እየወረድኩ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ኦዲተሯ ዕቃዋን በካርቶን እያስገባች አየኋት። «ገና ነው፣ መልሺው» አልኳት። ምን ተማምኜ እንዳልኩ አላውቅም።

የተማመንኩት ይሄን ነው። የካቲት 10 ቦርዱ ይሰበሰባል። መጀመሪያ የሚሠራው የመስከረሙን ቃለ ጉባኤ አንብቦ ማጽደቅ ነው። ያኔ ካልጸደቀ ስንብቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ከጸደቀ አለቀ፣ እሷም ሄደች፣ ሊፍቶቹም እንደተፈረመባቸው ቀሩ።

ጥቅምት ላይ «አልመጣሁም» ብለህ የጻፍክልኝ ደብዳቤ እጄ ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጠው እችል ነበር። አላደርገውም። እሱን የጻፍከው ለእህትህ ነው፣ ለቦርድ አይደለም። ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በራስህ እጅ፣ በዚያው በአረንጓዴው፣ አራቱን ቀን እንዳልነበርክ፣ ወረቀቱንም ባዶውን እንደፈረምክ ለቦርዱ ጻፍ።

ጻፍክም አልጻፍክም እኔ ከጥራዙ ጀርባ አልፈርምም። ምድር ቤት ቢያወርዱኝ፣ ከዚያም በታች ቢቆፍሩልኝ አልፈርምም። ብቻዬን ስል ግን አራት ብርጭቆ ይዤ የምጮህ ሴት ነኝ። አንተ ካልክ የቦርድ አባል ነው የሚናገረው።

መነጽሩን አልመልስልህም። ፊርማህን ያየሁበት ነው፣ ያስፈልገኛል።

የአክስትህ ልጅ


ጥር 26

ለቆቁ፤

ሰላም ነህ ወይ? ካለህበት አገር መንገደኛ መጥቶ ነበር፣ ካንተ የያዘው ነገር የለም። ዛሬ የአዳራሹን ወንበሮች አበስኩ፤ ሰባት ናቸው። ቀስ በሉ መጥቶ «እጅሽ ተሻለሽ?» አለኝ። «ባሰበት» አልኩት።

እናትህ በሩ ስር ተቀምጠው ጉንፋን ይዟቸዋል። ጣሪያውን እንዳትጠይቀኝ።

እህትህ


የካቲት 1

እትዬ፤

በአስቸኳይ ፖስታ ልኬዋለሁ። ለቦርዱ የተጻፈው ውስጡ አለ፣ አልታሸገም፣ አንብቢው። በጥቁር እስክሪብቶ ጀምሬው ነበር፣ አቆምኩና አረንጓዴውን ፍለጋ ቤቱን ገለበጥኩት። የድሮ ኮቴ ኪስ ውስጥ አገኘሁት። ቀለሙ ሊያልቅ ነው። ለዚህ በቅቷል።

እናቴ አሁን እንዴት ናት? ይሄንን ብቻ ነው የምጠይቅሽ።


የካቲት 12

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፤

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የጻፈ እጅ አይዛል። ሰላምታዬ ዛሬ ትርፍ አለው፣ ለጎረቤቶችህም አካፍል።

ደብዳቤህ የካቲት 9 ነው የደረሰው፣ ለስብሰባው አንድ ቀን ሲቀረው። ለማንም አላሳየሁም፣ አልደበቅኩትምም። ደንቡ እንደሚለው ገቢ መዝገብ ላይ አስገብቼ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ማኅተም አድርጌ አባዛሁት። በማግስቱ ጠዋት በእያንዳንዱ አባል ፊት ብርጭቆ፣ አጠገቡ ቅጂህን አደረግኩ። ሁለት ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ የነበረውን የስም ሰሌዳህንም አውጥቼ አምስተኛው ወንበር ፊት አቆምኩት። ወንበሩ ባዶ፣ ስሙ ቆሞ። ዛሬ እንኳን በደንብ ይታይ ብዬ ነው።

አምስት አባላት መጡ። አምስት ስልህ በእግራቸው ደረጃ ወጥተው፣ እያለከለኩ። ሰብሳቢው «የባለፈውን ቃለ ጉባኤ እናጽድቅና...» ሲሉ ጡረታ የወጡት መምህርት እጃቸውን አወጡ።

«ይሄ ደብዳቤ ምንድን ነው?»

«ቀስ በሉ፣ እሱ በልዩ ልዩ ጉዳዮች ይታያል» አለ ጸሐፊው።

«አንተ ራስህ ቀስ በል!» አሉት። ቆመው ካንደኛው መስመር እስከ ፊርማህ ጮክ ብለው አነበቡት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «መስከረም ላይ አራት ነበርን። የራሴን ፈርሜ ወረቀቱን ለጎኔ አሳለፍኩ፣ ከላይ ማን እንዳለ አላየሁም፣ ያ የእኔ ጥፋት ነው። ግን አርባ ዓመት ክፍል ውስጥ ስም ጠርቻለሁ። ያልመጣ ተማሪ ላይ አለ ብዬ ጽፌ አላውቅም፣ በእርጅናዬም አልጀምርም።»

ዋና ዳይሬክተሩ ሊናገሩ ሲሉ ሰብሳቢው «እርስዎ እዚህ ሪፖርት አቅራቢ ነዎት፣ ድምፅ የለዎትም» አሏቸው። ያን ንግግር ይሄን ሁሉ ዓመት የት አስቀምጠውት እንደነበር እንጃ።

ቃለ ጉባኤው አልጸደቀም። የኦዲተሯ ስንብት ዋጋ የለውም ተባለ። አሥራ አንዱ ሊፍቶች እስኪታዩ ይቁሙ፣ ኦዲተሯ ራሷ አብራ ትዙር ተባለ። ቁም ሣጥኑ እፊታቸው ተከፈተ፤ ስምንቱ ወረቀቶችህ ላይ ዳር እስከ ዳር መስመር ተሰመረባቸውና ከጥራዙ ጋር እንዳስቀምጣቸው ተሰጠኝ። ከጀርባው «ትክክለኛ ሆኖ ተረክቤያለሁ» ብዬ ፈረምኩ። እጄ እንዴት እንደተሻለው ብታይ!

ያንተንም ልንገርህ፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው። ከቦርዱ ወጥተሃል። በሙሉ ድምፅ ነው። መምህርቷ «ደብዳቤው የወንድ ነው፣ ወንበሩ ግን ይለቀቅ» ብለው እጃቸውን መጀመሪያ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ከፋኝ፣ ግን ልክ ናቸው።

የእኔ ዝውውር አልተሰረዘም። ኦዲተሯ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ዋና ዳይሬክተሩን በጽሑፍ ጠይቃቸዋለች፣ እስካሁን መልስ የለም። እኔም የአዳራሹን ቁልፍ አላስረከብኩም። ምክንያቱን ጽፈው ሲሰጡኝ ቁጥር ሰጥቼ፣ ጠርዤ፣ ከዚያ እወርዳለሁ።

ማታ ሳይሆን፣ ገና ፀሐይ ሳለ ቅጂውን ይዤ እናትህ ጋ ሄድኩ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። እንዲህ አሉኝ፦

«አልመጣም ነበር ማለት ነው?»

«አልመጣም አክስቴ።»

«ፊርማው?»

«ፊርማው ብቻ ነው የመጣው።»

«እሰይ» አሉ፤ «ደጄ ደርሶ ንቆኝ የሄደ መስሎኝ ነበር እኮ።» ከዚያ ብድግ ብለው፣ ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሳሎኑን በር ዘጉት።

የስም ሰሌዳህን ሰብሳቢው «ጣዪው» ብለውኝ ነበር፤ ወረቀት ስላልሆነ ልጥለው እችል ነበር። አልጣልኩትም። እናትህ ጠረጴዛ ላይ፣ ሬዲዮው አጠገብ አቁመውታል። ስትመጣ እዚያ ትቀመጣለህ። የምትመጣበትን ቀን ጻፍልኝ፣ ግን አስቀድሜ ልንገርህ፦ እዚያ ወንበር ላይ በዓይኔ ካላየሁህ «መጣ» ብዬ ለእሳቸው አልነግራቸውም።

የአክስትህ ልጅ